በተልባ ዘይት የተጣበቀችው መኪና

በአንኮበር የእሳት መኪናን ያለ አስተማሪ ያስነሣሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ።

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲዛወር አንድ ፈረንጅ ባለሙያ መኪናዋን ተሰብራለች ብሎ ጥሏት ሄደ። ቁመቷ ከስንዝር አይበልጥም። ከሥሯ እሳት ሲነድ በሆዷ ያለው ውሃ ይፈላል፤ እንፋሎቱም በቱቦ ውስጥ አንድ የናስ ቁራጭ ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ መንኰራኵር ያዞራል። የተሰበረው ያ ናስ ነበር። የጥይት ቀለሃ አቅልጬ፣ ሞርጄ፣ አዲስ አበጀሁላት።

አዲስ ናስ እንደ ወይፈን ነው፤ ቀስ ብለው ካላለመዱት ቀንበር ይሰብራል። ስለዚህ በጥቂት አረቄ ለስላሳ እሳት አነድላታለሁ፣ ትንሽ አስኬዳታለሁ፣ አቀዘቅዛታለሁ፣ ደግሞ አስኬዳታለሁ። ይህን ማንም አልነገረኝም።

በዐቢይ ጾም መካከል መንኰራኵሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረች፤ እያነከሰች፣ እያቃሰተች። አባቴ ቄስ ነበሩ። በዚያ ዓመት ዓይናቸው በሕመም ከቀን ወደ ቀን ይፈዝ ነበር። ድምፅ ሰምተው ከእልፍኝ ተጣሩ።

«ዞረች እንዴ?»

«ዞራለች፣ አባባ። ግን ገና ታነክሳለች።»

«እኔስ አላነክስም? አምጣት፤ ዓይኔ ጨርሶ ሳይዘጋ ልያት።»

«ይታገሡ፤ ሳስተካክላት ያያሉ።»

«ሙሽራ ናት እንዴ የምትደብቃት?»

ሳቅሁ፤ አላሳየኋቸውም። የእኔ ሥራ እያነከሰ እንዲታይ አልፈልግም ነበር።

ለማለስለስ ብዙ ቅባት ያስፈልጋት ነበር። «ቅቤ ስጣት፤ መኪና አትጾምም» አሉኝ አባቴ። እኔ ግን በጾም እጄ ቅቤ አይነካም ብዬ የተልባ ዘይት ሞላሁባት። ከቄስ በልጬ መጾሜ ነበር! ያን ቀን እንደ ሐር ለሰለሰች። ያኔም አልጠራኋቸውም፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቱ ባለበት አሳያቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ዘይቱ እንደ ሙጫ ደርቆ ናሱን ከቱቦው ጋር አጣብቆት አገኘሁት። ብመታው ቱቦው ይሰነጠቃል። ሳልሰብር ፍቄ ሳላቅቀው ጾሙ አለቀ።

ከፋሲካ በኋላ በቅቤ አስነሣኋት። ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ የሚወጡት እንኳ አህዮቻቸውን አቁመው አፋቸውን ይዘው አዩ። የተመኘሁት ምስጋና ሁሉ ያን ቀን መጣልኝ። አባቴ ግን በሰው እጅ ተመርተው ነበር የመጡት።

ዛሬ የምመኘው ያን የምስጋና ቀን አይደለም። እያነከሰች የዞረችበትን፣ ከእልፍኝ የተጠራሁበትን ቀን ነው። መካከላችን አንድ መጋረጃ ብቻ ነበር።

በዚያ በምስጋናው ቀን አባቴን አጠገቧ አስቀመጥኳቸው። መዳፋቸውን ዘርግተው የመንኰራኵሯን ነፋስ ለጥቂት ጊዜ አዳመጡ።

«ድምጿ ደስ ይላል» አሉ። «ወዴት ነው የምትዞረው? ወደኔ ነው ወዳንተ?»

«ወደ እርስዎ ነው፣ አባባ።»

ወደ እኔ ነበር።