ጭፈራ የከለከሉት ጳጳስ መጽሐፍ

አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ አሮጌ መጻሕፍት በሚጠገኑበት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሙጫ አብዝቼ የመጽሐፉ ክዳን እንደ ቀስት ጎበጠ። አለቃዬ አልተቆጣም። ብሩሹን ከእጄ ወስዶ ካርቶን መቁረጫው ጋ አቆመኝ። ብሩሽ እንደገና የያዝኩት በስምንተኛው ወር ነው። ጥረዛን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ በዓይኔ ነው የለመድኩት።

ከዓመታት በኋላ ከደቡብ አሜሪካ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ለጥገና መጣ። በስፔን ቅኝ ግዛት ዘመን የነበሩ አንድ የካቶሊክ ጳጳስ ያወጧቸውን ትእዛዛት የያዘ ነው። ስፓኒሽ የምታነበው የሥራ ባልደረባዬ ካርመን በምሳ ሰዓት ትተረጉምልኝ ነበር። ጳጳሱ ጭፈራ ከልክለዋል፤ ቲያትር ዘግተዋል፤ የሴቶችን አንገትጌ በጣት አስለክተዋል፤ በቅዳሴ ሰዓት ደጅ ቆመው የሚያወሩ ወንዶችን ቀጥተዋል። ከመጨረሻው በቀር ሁሉንም ወደድኩላቸው።

ያን ሰሞን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ሳሮን ወደ ትምህርት ቤቷ ዳንስ ልሂድ እያለች ትለምነኛለች። የጳጳሱን ትእዛዝ በአማርኛ ጽፌ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት።

«አባዬ፣ እኛ እኮ ካቶሊክ አይደለንም» አለችኝ።

እውነት ከማንም አፍ ትውጣ እውነት ናት ብዬ ዘጋሁት።

ሐሙስ ዕለት መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሁለት የተጣበቁ ገጾች አገኘሁ። እንዲህ ያለውን በእርጥብ ወረቀት ሸፍነን ካቆየን በኋላ ስፓቱላ በምንላት ስለት የሌላት ቀጭን ቢላ እናላቅቃለን። ጥጉ እንደተነሣ ካርመን አጎንብሳ አነበበችና መሳቅ ጀመረች። የአገረ ገዥው ልጅ ስታገባ ጳጳሱ የሦስት ቀን ጭፈራ ፈቅደዋል። ጊታር የሚመታውም የእህታቸው ልጅ ነው። ቀሪው ገና ተጣብቋል።

በሥራ ቅጻችን ላይ «ሊላቀቅ አልቻለም» የሚባል ነገር አለ። እሱን ከጻፉ ማንም አይጠይቅም። እስክሪብቶ አነሣሁ።

«አልናገርብህም» አለች ካርመን።

ባትል ይሻለኝ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀምጬ ስፓቱላውን ያዝኩ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ በሩ ይዘጋ፣ ተራው ሕዝብ እንዳያይ።

እኔም የወንድሜ ልጅ ሰርግ ላይ ሸሚዜ እስኪረጥብ እስክስታ ወርጃለሁ። ሳሮን ልትነሣ ስትል ግን ቁጭ በይ ብያት ነበር።

ማታ የገጹን ነገር ምንም ሳላስቀር ነገርኳት፤ ወረቀቱንም ራሴ ከፍሪጁ ላይ አነሣሁ። ወደ ዳንሱ እንድትሄድ ፈቀድኩ። አንድ ምሽት ብቻ እንደሆነ፣ እኔም መኪና ውስጥ ሆኜ እንደምጠብቃት አስጠነቀቅኳት።

«ጳጳሱ ሦስት ቀን ነው የፈቀዱት» አለች።

«እሳቸው አባትሽ አይደሉም» አልኳት።

ሙያውን አሁን ለምትጀምሩ የምለው አንድ ነው፦ የተጣበቀው ገጽ ሳይላቀቅ መጽሐፉ እንዲህ ይላል አትበሉ።