ወንድሜን ለመቀበል የተማርኩት ፈረንሳይኛ

ንጋት፣ መካነ ኢየሱስ

ሰማዩ ሳይገላለጥ መናኸሪያ ደረስኩ። የደብረ ታቦር አውቶቡስ ሞተሩን እያሞቀ ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ መስኮት ዳር ተቀመጥኩና ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ፈረንሳይኛ የምማረው ከስልክ ነው። አንዲት መምህርት በአጫጭር ቪዲዮ "ቦንዡር"፣ "ኮማን ሳ ቫ" እያለች ቀስ አድርጋ ታስተምራለች። ስፌት ቤቴ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ እሷን ሳዳምጥ ከረምኩ።

ይህን ሁሉ ያደረግኩት ለወንድሜ ለይታየው ነው። አባታችን ሲሞት እናታችን ሁለታችንን ማሳደግ አቃታት፤ እሱ ገና ሳይናገር በማደጎ ፈረንሳይ ሄደ። አማርኛ አያውቅም። ዛሬ ከአሳዳጊ እናቱ ጋር ደብረ ታቦር ይገባል፤ ተቀብዬ ጋይንት እናታችን ዘንድ ላደርሳቸው ነው።

ረፋድ፣ ደብረ ታቦር

ከባሕር ዳር ከመጣው ሚኒባስ አሳዳጊ እናቱ ማዳም ኤሌን ብቻቸውን ወረዱ። ነጭ ፀጉር፣ አቧራ የለበሰ ሻንጣ፣ ፀሐይ ያቀላው ፊት። አስተርጓሚ ይሆናል የተባለው ሰው ሌላ ሥራ ይዞ ቀርቷል። ዙሪያቸውን ብመለከት ይታየው የለም። የት እንዳለ ስጠይቃቸው ረጅም ነገር በፍጥነት ነገሩኝ። ቪዲዮው ላይ ቃላቱ አንድ በአንድ ይሰማሉ፤ ከእሳቸው አፍ ግን ተያይዘው ይወጣሉ። ቀስ እንዲሉ ለመንኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ኢል አ ፐር" አሉኝ።

"ፔር" አባት ነው፤ ስለ ቤተሰብ በሚያስተምረው ቪዲዮ ላይ ሰምቻለሁ። አባት አለው ያሉኝ መሰለኝ። ለካ የቀረው አባት ስላለው ነው፤ እኛ ምን እናደርግለታለን ብዬ ሻንጣቸውን አነሳሁ።

እኩለ ቀን፣ ወደ ንፋስ መውጫ

ጉና ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የገብስ ማሳ፣ ድንጋይ አጥር፣ ሣር ክዳን ቤት። ክምር ድንጋይ ከተማ ስንቆም አንዲት ተሳፋሪ ቆሎ ዘገነችልን። ማዳም ኤሌን "ሴ ቦን" እያሉ ይቆረጥማሉ። ይጣፍጣል ማለታቸው ገብቶኛል፤ ግን መመለስ አላሰኘኝም። ሾፌሩ እንግዳዋ ማን እንደሆኑ ጠየቀኝ። የወንድሜ እናት ናቸው አልኩት።

"ታዲያ ያንቺም እናት ናቸዋ" አለኝ።



ከቀትር በኋላ፣ ንፋስ መውጫ

ሽሮ በልተን ባጃጅ እንጠብቃለን። ለእናቴ ምን እንደምላት ጨንቆኝ ስልኬን ከፈትኩና ያንን ቃል ፈለግሁ። መምህርቷ የሚመሳሰሉ ቃላት የምታለማምድበት ቪዲዮ መጣልኝ። "ፔር" ስትል በጣቷ ጢም ሠራች። "ፐር" ስትል ዓይኗን አፍጥጣ ወደ ኋላ ሸሸች።

ፍርሃት ነው። ወንድሜ ፈርቶ ነው የቀረው።

ወደ ማዳም ኤሌን ዞሬ እንደ መምህርቷ ዓይኔን አፈጠጥኩላቸው። "ዊ፣ ዊ" እያሉ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እጃቸውን ያዝኩ።

አመሻሽ፣ እናቴ ቤት

ባጃጁ መንገዱ እስከሚያልቅ አደረሰን፤ ቀሪውን በእግር ሄድን። እናቴ ደጅ ቆማ ስትጠብቅ አገኘናት። እንግዳዋን አየች፤ ከኋላችን ያለውን መንገድ አየች፤ ፊቷ ተለወጠ።

"ልጄ ሞቶ ነው?"

"ደህና ነው፣ እማዬ። መምጣት ፈርቶ ነው።"

"ምን ያስፈራዋል?"

ጥያቄውን እንደምንም ለማዳም ኤሌን አደረስኩ። እሳቸውም ቃሉን እየነጣጠሉ መለሱልኝ፤ መውደድ የሚለውን ስለማውቀው ተረዳሁ። እናቱ ስላልወደደችው የሰጠችው ይመስለዋል። ለእናቴ እንዳለ ነገርኳት። መደቡ ላይ ተቀመጠች። ኋላ ተነሥታ ቅቅል ድንችና ጠላ አቀረበችልን። ከበላን በኋላ ነው አትፍራ በእነሱ ቋንቋ ምን እንደሚባል የጠየቀችኝ። እኔም አላውቀውም ነበር፤ ሁለታችንም ከማዳም ኤሌን ተማርን። እሳቸው ስልካቸውን ደግነው ሲቀርጿት እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች።

"ይታየው፣ እናትህ ነኝ። ስወድህ ነው የሰጠሁህ። ኔ ፓ ፐር።"

ማግስቱ፣ ንፋስ መውጫ

ኔትወርክ ስናገኝ ማዳም ኤሌን ቪዲዮውን ላኩለት። ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ነፋሱ የጣራውን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ሻያችን ቀዝቅዞ ነበር መልሱ ሲገባ። ማዳም ኤሌን ቀስ ብለው አነበቡልኝ፦ "ኢል ፌ ፍሯ፣ ላ ባ?"

እዚያ ይበርዳል ወይ ነው የሚለው፤ ለመምጣት ቢያስብ ነው።

"ዊ፣ ትሬ ፍሯ" በሉት አልኳቸው፤ በጣም ይበርዳል። እየጻፉለት ሳለ ካፖርት ልሰፋለት አሰብኩና የትከሻውን ስፋት በምልክት ጠየቅኳቸው። ስልኩን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ከገመትኩት በጣም ይሰፋል።