በለጋስነት የተበላ ዶሮ

በሃምሳዎቹ አጋማሽ ሞላሌ ላይ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ስል በድፍረት ነው፤ ተማሪዎቼን የምቀድማቸው በአንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር፤ እሱንም ጠዋት ቁርስ ላይ አንብቤው ከመጣሁ ነው።

አንድ ቀን ዲሬክተራችን ቢሮ አስጠሩኝ። ከአዲስ አበባ አንድ ፈረንጅ ሊጎበኘን ይመጣል፤ ከወደደን ለአዲሱ ክፍል ቆርቆሮ ያሰጠናል ተብሏል። ዲሬክተሩ ማንንም ለምነው የማያውቁ የመንዝ ሰው ስለነበሩ ነገሩ ጨንቋቸዋል።

«የእንኳን ደህና መጡ ንግግር በእንግሊዝኛ ጻፍ» አሉኝ። «ቆርቆሮ የምትል ቃል እንዳትገባ! ሰውየውን ግን ቸር ነህ፣ ቸር ነህ በለው። ቸር የተባለ ሰው ሳይሰጥ መሄድ ያሳፍረዋል።»

የማውቃቸው የቸርነት ተውሳከ ግሶች «ጀነረስሊ»፣ «ፍሪሊ» እና «ካይንድሊ» ነበሩ፤ በለጋስነት፣ ሳይሰስቱ፣ በደግነት እንደ ማለት። መጽሐፌ ከግስ አጠገብ ይቀመጣሉ ይላል እንጂ ከየትኛው ግስ አጠገብ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ግስ ባየሁበት ሁሉ አንዳንድ ወሸቅሁ። የዲሬክተሩ እንግሊዝኛ ከፊደል አያልፍም፤ ቢሆንም ቃሎቹ በ«ሊ» እንደሚያልቁ ስለነገርኳቸው ወረቀቱን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «እዚህ መስመር ላይ የለም፣ ጨምር!» ይሉኛል።

እንግዳው መጣ፤ ረጅም፣ ጆሮው በብርዱ የቀላ ሰው። መጀመሪያ ምሳ አበላነው። ዶሮውን አጥንቱ እስኪነጣ ጋጠው፣ ጠላውንም ደጋገመው። ከዚያ ወላጆች በተሰበሰቡበት ንግግሬን በእንግሊዝኛ አነበብኩ፦

«ክቡር እንግዳችን ሆይ፣ በለጋስነት መጡ። ዶሯችንን በለጋስነት በሉ። ጠላችንን ሳይሰስቱ ጠጡ። እኛም በታላቅ ለጋስነት አንድ ሙክት እንሰጥዎታለን። አሁን በደግነት ይቀመጡ!»

ለአክብሮት ቆሞ ያዳምጥ የነበረው ፈረንጅ እንደተቆጡት ተማሪ ዱብ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱን በመሀረብ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አለቀሰ!» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ። «ልቡ ተነክቷል፤ ቆርቆሮው መጣ በሉ!»

ሲስቅ እንደነበረ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ኋላ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ቀስ ባለ እንግሊዝኛና በተሰባበረ አማርኛ አስረዳኝ።

«በለጋስነት የሚባለው ሰጪ ነው። በላተኛን እንደዚያ ካልከው ሆዳም ማለትህ ነው። ስለራስህም አትጻፈው፤ በለጋስነት ሰጠሁ ያለ ሰው ስጦታውን መልሶ እንደ ወሰደ ይቆጠራል።»

«‹ካይንድሊ›ስ?» አልኩት እያላበኝ።

«እሷ ተንኮለኛ ናት። ጽሑፍ ላይ ትሑት ትመስላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ትእዛዝ ናት። ‹ካይንድሊ ውጣ› ከተባልክ ቶሎ በሩን ፈልግ።»

አፈርኩ። ትንሽም ተናደድኩ፤ ጨዋ ቃል ለብሶ ማዘዝማ እኛም አገር አለ፣ ፈረንጆቹን ማን አስተምሩን አላቸው? ሙክቱ የእንግዳው ላንድሮቨር ላይ ተጭኖ እየጮኸ ከሄደ በኋላ ዲሬክተሩ ክንዴን ያዙኝ።

«ምን አለህ?»

«ሆዳም ብለኸኛል አለኝ፣ ጋሼ።»

ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ ምን ዋሸን? የዶሮውን አንገት እንኳ መች ተወልን!» አሉ።

እግዜር ይስጠው፣ ሰውየው ቂም አልያዘም። ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮው መጣ፤ ግን የክፍሉን ጣራ ሳይጨርስ አለቀ። የኋላውን ወገን ወላጆች በጓሳ ሳር ከደኑት። ዲሬክተሩም ጨዋ ልጆችን ከቆርቆሮው ሥር፣ አስቸጋሪዎቹን ከሳሩ ሥር አስቀመጡ። ዝናቡ ሲወርድ ቆርቆሮው እንደ ነጋሪት ስለሚጮህ ጨዋዎቹ አንድ ቃል አይሰሙኝም። እኔም ወደ ኋላ ሄጄ፣ ከዱርዬዎቹ መሀል ቆሜ፣ ሞቅ ባለውና ጸጥ ባለው የሳር ጣራ ሥር አስተምር ነበር። በዓመቱ መጨረሻ እንግሊዝኛ ያለፉት እነሱ ናቸው።