አጎበሩ ለታመመ ነው

ያስገቡን ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። አብረውኝ የመጡት የሚተኙበትን ጥግ ሲፈልጉ እኔ ግድግዳውን አየሁ። ቢንቢዎች ተለጥፈውበታል፤ ራሳቸውን ወደ ግድግዳው ደፍተው ኋላቸውን ቀስረዋል። እንደዚያ ቀስራ የምታርፈው የወባ ትንኝ ናት።

ሥራዬ ነበር። በምዕራብ ሸዋ ቆላ ቆላውን እየዞርኩ ኩሬ አስደፍናለሁ፣ ቤት አስረጫለሁ፣ አጎበር አድላለሁ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ከአንዱ ቀበሌ ስመለስ ፖሊሶች ከመኪና አስወረዱኝ። ወጣቶች ሰብስበሃል አሉኝ። እውነት ነው፣ ሰብስቤያለሁ፤ ኩሬ ሊደፍኑ። ይህን ስናገር የሚሰማኝ አልነበረም።

አንድ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ምን ታያለህ?»

«ቢንቢ ነው፣ አባባ።»

«አገርህ ቢንቢ የለም እንዴ?»

ቤቱ ሳቀ። እዚያ ከገባሁ መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነበር። ሽማግሌው የጊንጪ ገበሬ ናቸው፤ መሬታቸው ከጭልሞ ደን ሥር ነው። ፖሊሶቹ ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ይዘው መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዶክተር» ይሉኝ ነበር። ዶክተር አይደለሁም ብላቸውም አልተውኝም።

ሚስቴ ከአምቦ ድረስ መጥታ ምግብና አጎበር አስገባችልኝ። ማሰሪያዎቹን በር ላይ ቆርጠዋቸዋል፤ ሰው እንዳይታነቅባቸው ነው አሉ። ከብርድ ልብስ ክር እየመዘዝን ሰቀልነው። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው ታመሙ። ደጋ ለኖረ ሰው የቆላ ወባ ክፉ ነው፤ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ከወዲያ ጥግ ይሰማ ነበር። በሩን ደብድበን፣ ደብድበን፣ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። መድኃኒት ይዘው ሲመለሱ አጎበሩ ውስጥ ይግቡ አልኳቸው።

«በእርጅናዬ እንደ ሙሽራ መጋረጃ ውስጥ ልቀመጥ? ሚስትህ ላንተ ነው ያመጣችው።»

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም። ቢንቢዋ ወባ ይዛ አትወለድም። ከታመመ ሰው ደም ጋር ነው የምትወስደው፤ ከቀናት በኋላ ደግሞ ጤነኛውን ስትነክስ ትሰጠዋለች። እርስዎ ውጭ ከተኙ ለሁላችንም ይተርፋል።»

«እና እኔን ነው የምታስሩት። እስር ቤት ውስጥ ሌላ እስር ቤት።»

«አዎ፣ አባባ።»

እየሳቁ ገቡ። ከውስጥ ሆነው ቢንቢዋ ደም ምን እንደሚያደርግላት ጠየቁኝ። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ እንደሆነች፣ ደሙን ለእንቁላሏ እንደምትፈልገው ነገርኳቸው።

«ለልጆቿ ብላ ነዋ» አሉ። «እንግዲህ ምን ይፈረድባታል» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ግቢው ውስጥ የምታፈስ ቧንቧ ነበረች። ከሥሯ ፀሐይ የሚያገኘው ጥልቀት የሌለው ኩሬ ተጠራቅሟል። ጎንበስ ብዬ ሳየው እጮቹ ውኃው ላይ አግድም ተንጋለዋል፤ የወባ ትንኝ እጭ ተኝቶ ነው የሚንሳፈፈው። የእስር ቤቱን ኃላፊ አካፋ ጠየቅሁት።

«እስረኛ አካፋ አይዝም» አለኝ።

ስለዚህ ጠዋት ወደ መጸዳጃ ስንወጣ እያንዳንዳችን ከአጥሩ ሥር አንድ ጭብጥ ጠጠር እያነሳን ኩሬው ውስጥ መጣል ጀመርን። ተረኛው ፖሊስ ከወንጪ የመጣ ወጣት ነበር። አየን።

«ምንድነው የምትጥሉት?»

«ጠጠር» አሉ ሽማግሌው።

«ለምን?»

«ቡሳን እየቀበርናት ነው» አሉ፤ ወባን በኦሮምኛ ሲጠሯት ነው። ፖሊሱ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ግን ጭብጥ ጠጠር ለኩሬ ምን ይሆነዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው በበሩ ስንጥቅ ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩና ጠሩኝ። ፖሊሱ ካፖርቱን ለብሶ ፀሐይ ላይ ተኮራምቷል። ጠመንጃው በጉልበቶቹ መካከል ይንቀጠቀጣል።

«ኢልማ ኮ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ብርድ ብርድ ይልሃል?»

«ራሴን ነው እንጂ።»

«ዛሬውኑ ደምህን ተመርመር» አልኩት። «የራስ ምታት ክኒን ውጠህ እንዳትተኛ።»

«እስከ ነገ ተረኛ ነኝ።»

ከኋላችን አንዱ «ይቅመሳት» አለ። ማንም አልተቆጣውም። እኔም አልተቆጣሁትም፤ በልቤ እንደሱ ነበርኩ። ሽማግሌው ግን ሄደው አጎበሩን አወረዱ።

«ያንተ ነው። ልስጠው?»

በስንጥቁ ፖሊሱን እንደገና አየሁት። ጠበቁኝ።

«ይስጡት» አልኳቸው።

አንጥፈው፣ ጠርዙን ከጠርዙ አገናኝተው አጠፉት፤ የቤተ ክርስቲያን ልብስ የሚያጥፉ ይመስሉ ነበር። በበሩ ስንጥቅ ሲያወጡለት ፖሊሱ አልተቀበለም።

«ከእስረኛ ዕቃ መቀበል ክልክል ነው።»

«ይህ ዕቃ አይደለም» አሉት። «እኛ እዚህ ቤት ደንብ አለን። የታመመ አጎበር ውስጥ ይተኛል። አንተም እዚሁ ቤት ነህ።»

ፖሊሱ በሩን ቆይቶ አየው። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደ። መቅረቱ ረዘመብን፤ ሲመለስ ከስቶ ነበር። ኃላፊው በሌለበት በሩን ከፍቶ አካፋውን ለሽማግሌው ሰጣቸው። ተፈራርቀን ኩሬውን ደፈንን፣ ለቧንቧዋም ቦይ ቀደድን። ሽማግሌው አፈሩን በእግራቸው ሲጠቀጥቁ የራሳቸውን ማሳ የሚያበጁ ይመስሉ ነበር። ኃላፊው መጥቶ ማን አዘዘ ብሎ ሲጮህ ፖሊሱ ተጠግቶ ቆመ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው፣ ጌታዬ።»

ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት። አልተሰናበትነውም።

እኛም በተራ በተራ ተፈታን። የሽማግሌው ልጅ በሕይወት ተገኘ። እሳቸውን አልፎ አልፎ ጊንጪ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፤ እስካሁን ዶክተር ነው የሚሉኝ።

አምና አምቦ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሰው ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብሎ መኪና ላይ ጫነልኝ። ፊቱን ቀና ሲያደርግ አወቅሁት። ፖሊስነቱን ትቷል፤ ወንጪ ለእንግዶች ፈረስ ያከራያል። አንዱ ዓይነት ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

«ተመልሶብህ ያውቃል?» አልኩት።

«አያውቅም። ደኅና ነኝ።»

«ደስ ብሎኛል» አልኩት።

ሰው እንዲህ ያለውን ለይሉኝታ ይለዋል። መኪናው ጉደርን እስኪያልፍ፣ በልቤም ደስ ብሎኝ እንደሆነ ራሴን መረመርኩ። እውነቴን ነበር።