ዶክተሩ ቫዮሊን ይዞ ወልድያ ገባ

ወደ ወልድያ የተነሣሁት መንገዱ በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት፣ በጥር ወር ነው። ጦርነቱ ስልኩን ከቆረጠው ጀምሮ የአባቴን ድምፅ አልሰማሁም። በሕይወት መኖሩን የነገረኝ ደሴ ደርሶ የደወለልኝ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መምጣቴንም በእሱ አስነገርኩ።

ሌላም ጉዳይ ነበረኝ። ቫዮሊን ተጫዋች ነኝ፤ ኑሮዬ ቪየና ነው። ከፕራግ እስከ ቶኪዮ እየዞርኩ፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሼ የፈረንጅ ክላሲካል ሙዚቃ ስጫወት ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጋራዥ እየሠራ ያሳደገኝ አባቴ ግን «ልጁ አዝማሪ ሆነ» እንዳይባል ለዕድርተኛው «ሕክምና ሊማር ሄደ» ብሎ ነገረ። ከዚያ ወዲህ ዶክተር ነኝ። ለዕድሩ ሊቀመንበር ጉልበት በስልክ ሙቅ ውኃ አዝዤ ተሽሏቸዋል። አሁን ግን ሰለቸኝ። አባቴ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ ቁጭ ብሎ እንዲሰማኝ ፈለግሁ።

ደሴ፣ ከጠዋቱ 12፡30

የሚኒባሱ ሾፌር የቫዮሊኑን ሳጥን ጣራ ላይ ሊያስረው ሲል ጮህኩበት።

«እንግዲያው እንደ ሰው ይከፍላል» አለኝ።

ከፈልኩ። ቫዮሊኑ መስኮት ዳር ተቀመጠ፤ እኔ ኩንታል በሚያህሉ ሁለት ሰዎች መሐል ተጣበቅሁ። ሐይቅን አለፍን፤ ከውጫሌ በኋላ ቁልቁለቱን ስንያያዘው መንገድ ዳር የተቃጠለ ታንክ አየን። አንዲት ሴት የልጆቿን ልብስ አጥባ አስጥታበታለች።

መርሳ፣ 4 ሰዓት

መርሳ በሙቀቷና በፓፓያዋ ተቀበለችን። ኬላው ላይ ወርደን ተፈተሽን። ሳጥኑን ስከፍት ሚሊሻው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ምንድን ነው?»

«ቫዮሊን። የሙዚቃ መሣሪያ ነው።»

«መሣሪያ ነው አልክ? በል ተጫወተው እስቲ።»

ቶኪዮ ላይ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ያጨበጨበልኝን የድሮ የጀርመን ሙዚቃ ጀመርኩ። ሚሊሻው በትዕግሥት ጠበቀ፤ ከዚያ «ቃኝተህ ጨረስህ?» አለኝ።

«ዘፈኑ ይኸው ነው።»

«አምባሰል የለህም?»

«አልችልም።»

«የወሎ ልጅ ሆነህ አምባሰል አልችልም ትላለህ?»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ያዘኑልኝ ከግራና መንደር የመጡ አንዲት የፓፓያ ነጋዴ ብቻ ናቸው። አሥር ብር በምራቃቸው አርሰው ግንባሬ ላይ ለጠፉልኝና «አብሽር ልጄ፣ በአላህ ፈቃድ ትለምደዋለህ» አሉኝ። በሃያ ዓመት ሥራዬ ግንባሬ ላይ ብር ሲለጠፍልኝ የመጀመሪያዬ ነው። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ሲሪንቃ ኬላ ስንደርስ ከመርሳ በሞተር የቀደመን ሰው ወሬውን አድርሶልኛል። ማንም ሳይጠይቀኝ «አዝማሪው፣ ውረድ!» ተባልኩ።

ወልድያ፣ 6 ሰዓት ከሩብ

ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ዞር ብሎ «አንድ አዝማሪ በየኬላው እየዘፈነ ወደዚህ እየመጣ ነው አሉ። መንገድ ላይ አላየኸውም?» አለኝ።

«አላየሁም» አልኩ፤ ሳጥኑን አቅፌ።

የአባቴ ግቢ ደጅ ላይ ሰባት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰልፈው ተቀምጠዋል። አባቴ ከስቷል፤ ግን ሲያቅፈኝ አጥንቴ እስኪንቋቋ ነው። «ዶክተር መጣ!» ብሎ ጮኸና በጆሮዬ «ሳጥኑን እንዳትከፍተው» አለኝ። ለካ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ስለሌለው ሠፈሩ ሁሉ እኔን ሲጠብቅ ነበር።

መጀመሪያ የቀረቡት ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ናቸው። «ከባዱ መሣሪያ ሲጮህ ከከረመ ወዲህ እጄ አላርፍ አለኝ፣ ዶክተር» ብለው ዘረጉልኝ። ይንቀጠቀጣል። ስለ ሊቀመንበሩ ጉልበት መዋሸት አንድ ነገር ነው። ይህን እጅ ይዤ ግን መዋሸት አቃተኝ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቫዮሊን ነው የምጫወተው።»

አባቴ መሬት መሬት አየ። ከወንበሩ ጫፍ የዕድሩ ሊቀመንበር ብድግ አሉ፤ «ታዲያ ጉልበቴን ማነው ያዳነው?»

«እስቲ የምትጫወተውን አምጣው» አሉ እማማ ዘይነባ።

ተጫወትኩ። ግማሽ ሳልደርስ አባቴ ተነሥቶ ወጣ፤ ከጓሮ ብረት ሲቀጠቅጥ ተሰማኝ። ውስጤ ቆሰለ፤ ቢሆንም አላቋረጥኩም። ስጨርስ እማማ ዘይነባ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። አሁንም ይንቀጠቀጣል። «አልዳንኩም» አሉ፤ «ለትንሽ ጊዜ ግን ረስቼው ነበር፤ አልሐምዱሊላህ።»

ሁለት ቀን ሙሉ አባቴ «ብላ» ከማለት በቀር አላናገረኝም።

የመልሱ መንገድ

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቦርሳዬን ሳነሣ አባቴ ኮቱን ለብሶ ቆሞ አገኘሁት። «እስከ መርሳ ልሸኝህ» አለ። ሚኒባስ ያዝን። ሲሪንቃ ኬላ ላይ የማያውቀኝ ሌላ ሚሊሻ ቆሟል።

«ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?»

አፌን ሳልከፍት አባቴ ቀደመኝ። «የልጄ ነው። አዝማሪ ነው» አለ፤ መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አውጣና ተጫወትላቸው።»

ቫዮሊኑን አገጬ ሥር አድርጌ ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ሚሊሻው «ቃኝቶ አልጨረሰም እንዴ?» ሲል አባቴ ተቆጣ።

«ዝም ብለህ ስማ! ዘፈኑ ነው። ቆይ፣ ኋላ ላይ ያምራል። ጓሮ ሆኜ እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ።»

ስጨርስ ከኮቱ ኪስ መቶ ብር አወጣ፣ በምላሱ አራሰና ግንባሬ ላይ ለጠፈልኝ። እንዳይወድቅ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ያዘው። ጣቱ ግሪስ ግሪስ ይሸታል። ቶሎ አላነሣውም።

ቪየና

ብሩ አሁን ሳጥኔ ውስጥ አለ። ጉዞው ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ሙያዬን ለሃያ ዓመት የሸሸገው አባቴ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ለእኔም ዶክተርነቱ ተመችቶኝ ነበር። አምባሰልም መለማመድ ጀምሬያለሁ። የወልድያ ስልክ በተቀጠለ ሰሞን ደውዬ፣ መቀበያውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ አምባሰሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወትኩለት። ከዚያ ስልኩን አንሥቼ ጠበቅሁ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጎበዝ» አለኝ። «ቃኝተህ ጨረስህ?»