ለላፕቶፕ የተላኩ ሽማግሌዎች

ከኮምቦልቻ በወጣሁበት ዋዜማ፣ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ፣ አባቴ ታስሮ ያለቀውን ሻንጣዬን እንደገና ፈታው። እናቴ ያሰናዳችልኝን ሽሮና በርበሬ ወደ ጎን አደረገና ላፕቶፑን አወጣ፤ ለኢድ ገዝቶ ገና ያላገለደመውን ሽርጥ አምጥቶ ጠቀለለው። አባቴ የቆዳ ነጋዴ ነው፤ ሲያሽግ እጁ ያምራል። ጠርዙን እየተጫነ፣ እጥፋቱን እያስተካከለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ “ይሄ ያንቺ አይደለም” አለኝ።

“አውቃለሁ አባዬ።”

“የማን ነው?”

“የሼህ ይማምና የአቶ ታደሰ።”

“እንዲያ ነው” አለና ሻንጣውን ዘጋው። ሌላ የመሰነባበቻ ንግግር አላደረገልኝም። ጠዋት አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ እጁን ለዱዓ ዘረጋ፤ እኔም በመስኮት አሚን አልኩ።

ይህን የምጽፈው እዚያ ላላችሁም፣ እንደኔ ለወጣችሁም ነው። የሁለት ሽማግሌዎችን ላፕቶፕ ይዤ ጀርመን እንዴት እንደገባሁ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ታሪኩንም ሁሉም በየአፉ ስለሚያጣፍጠው፣ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ሙያዬም ዘገባ ነው።

ያን ጊዜ ደሴ ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ዘጋቢ ነበርኩ። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እገባለሁ፤ ኮምቦልቻ ስሳፈር በስስ ልብስ፣ ደሴ ስወርድ በሹራብ። የቀረጽኩትን ድምፅ የማቀናብረው ጣቢያው ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ፣ ወረፋ ጠብቄ ነበር። ኢሕአዴግ አገሩን ከያዘ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ መንገድ ይቆፈራል፣ ፎቅ ይወጣል፣ መብራት ግን በፈረቃ ነው። ዘገባ ጀምሬ ወረፋዬ ሲደርስ መብራቱ የሄደብኝን ጊዜ መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ።

በዚህ መሃል ከላይፕዚግ ከተማ የትምህርት ዕድል መጣልኝ። ትምህርቱም መኖሪያውም ይሸፈናል። ግን እያንዳንዱ ተማሪ ድምፅ ማቀናበር የሚችል የራሱን ላፕቶፕ ይዞ መምጣት አለበት፤ ያለዚያ ምዝገባ የለም። የትኛውን እንደምፈልግ አውቅ ነበር። ደሴ ፒያሳ፣ ጀማል የሚባል ሰው መደብር ውስጥ አንድ ግራጫ ላፕቶፕ ነበር፤ ያገለገለ፣ ግን ያልተጎዳ፤ ቀላል፣ መብራት ጠፍቶም ረጅም ሰዓት የሚሠራ። የሬዲዮ ደሞዜ ከሚኒባስና ከምሳ አያልፍም። የሚገዛልኝ አባቴ ብቻ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ክብሪት እንጨት ለሁለት ሰንጥቆ የሚጠቀም ሰው ነው።

“ጀርመን አገር ላፕቶፕ ጠፍቶ ነው ከኮምቦልቻ የሚያስጭኑሽ?” አለኝ የመጀመሪያ ቀን።

ነገሩን እንደ ዜና አሰናድቼ አቀረብኩለት፤ ምን እንደሚሠራ፣ ርካሹ ለምን እንደማይሠራ፣ ጀርመን ደርሼ ልግዛ ብል ምዝገባው እንደሚያመልጠኝ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። በማግስቱ ከጅዳ ከተመለሰ የአክስቴ ልጅ አንድ ትልቅ ጥቁር ላፕቶፕ በግማሽ ዋጋ ተስማምቶ ይዞልኝ መጣ። በሁለት እጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው።

“ይሄ ኪሎ አለው” አለ።

“አባዬ፣ ቆዳ እኮ አይደለም።”

“ቆዳ ቢሆንማ ምን አከራከረን።”

ሰካነው፤ ሠራ። ነቀልነው፤ ወዲያው ጠፋ። ፊቴን አየና፣ “እንግዲያው አትንቀዪው” አለኝ።

ከዚያ በኋላ ምሳ ላይ እኔ አነሳዋለሁ፣ ሻይ ላይ እሱ ይጥለዋል። እኔም አልተውኩ፣ እሱም አልሰጠ። የምዝገባው ጊዜ እየቀረበ ነበር።

አንድ ቀን ለዘገባ ኩታበር ወረድኩ። በእርሻ ድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ አንደኛው ፍርድ ቤትም፣ ቀበሌም፣ ዘመድም ያልመለሰው ሰው ነው። ሽማግሌዎች ግቢው ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ቢላቸው አልተቀመጡም፤ ልመናቸው ካልተሰማ እንደማይቀመጡ ነገሩት። እነዚያ አዛውንቶች ፀሐይ ላይ ዱላቸውን ተመርኩዘው ሲቆሙ ሰውዬው ግቢውን ሲዞር፣ ከብቶቹን ሲያይ፣ ሲመለስ ቆየና በመጨረሻ እጁን ሰጠ። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ቀረጻዬን ደግሜ አዳመጥኩት። ደሴ ሳልደርስ ወስኜ ነበር።

ሼህ ይማም አባቴ ቁርአን የቀራባቸው ሰው ናቸው። አቶ ታደሰ ከእኛ ጋር አጥር የሚጋራ ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር። ለሁለቱም ችግሬን ነገርኳቸው። ሼህ ይማም ሴት ልጅ ለገዛ አባቷ ሽማግሌ ስትልክ ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

“ሀራም ነው ሼህ?”

“ሀራም እንኳ አይደለም” አሉ። “አዲስ ነው እንጂ። አብሽሪ፣ እንሄዳለን።”

አቶ ታደሰ ግን አንድም ጊዜ አላመነታም። አባትሽን ሰይድን ቆሞ ማስጨነቅ መቼ ይገኛል አለ።

እዚህ ላይ የረሳሁት ነገር ቢኖር እናቴን ነው፤ አልነገርኳትም። ቅዳሜ በጠዋት ሁለቱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው በራችን ላይ ሲቆሙ፣ ያላገባች ልጅ ያላት የወሎ እናት የምትረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ ነጠላ ልትቀይር ወደ ጓዳ ሮጠች። ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ አይታ እልል አለች። አባቴ ከመደቡ ተነሳ።

“ይቀመጡ ሼህ።”

“ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።”

አባቴ ወደ እኔ ዞር አለ። ያን ሰዓት የሬዲዮ ጣቢያውን ወንዶች አንድ በአንድ በሐሳቡ እያሰለፈ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል።

“የማን ልጅ ነው?” አለ በመጨረሻ።

ሼህ ይማም ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። “አገሩ ጃፓን ነው ይላሉ” አሉ።

እናቴ አዲሱን ነጠላ እንደለበሰች የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

“ሰይድ” አለ አቶ ታደሰ፣ “ልጅህን ልንወስድብህ አልመጣንም። ላፕቶፕ ልንለምንህ ነው። ግራጫውን።”

ይቆጣል ብዬ ነበር። ነገር ግን የቆመ ሽማግሌ ፊት መቆጣት አይቻልም። ቶሎ እሺ ማለትም አይቻልም፤ የተጠየቀውን ነገር ያቀልለዋል። ስለዚህ አባቴ ማንኛውም የልጅ አባት የሚመልሰውን መለሰ፦ “ዘመድ ላማክር። የሚመጣው ቅዳሜ ተመለሱ።” ሳይቀመጡ ሄዱ።

ያማከረው ዘመድ ማን እንደነበር የነገረኝ ጀማል ነው። አባቴ በሳምንቱ መሃል ለማንም ሳይናገር ደሴ ወጥቶ መደብሩ ገባ። ላፕቶፑን እንደ ቆዳ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አገላበጠው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። “ወላሂ አሸተተው” አለኝ ጀማል። ከዚያ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና እጠብቃለሁ አለ። ምን እንደሚጠብቅ ሲጠየቅ፣ መብራት እስኪጠፋ አለ። ደሴ አላሳፈረችውም። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ፒያሳን ሸፍኖ እያለ መብራቱ ሄደ፤ የሱቁ ኮምፒውተሮች በሙሉ ጠፉ፣ ግራጫው ብቻ እንደበራ ቀረ። አባቴ መብራት እስኪመለስ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አየው። ከዚያ ተነስቶ ዋጋ መከራከር ጀመረ፤ ጀማል መብራቱ ባልተመለሰ ይሻለኝ ነበር ብሎ ሳቀ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቆሙ።

“ሰጥቻለሁ” አለ አባቴ። “የሰጠሁት ግን ለእሷ አይደለም፣ ለእናንተ ነው። እንደ ልጅ ጠየቃችሁኝ፣ እንደ ልጅ ሰጠኋችሁ። ዋስ ሁኑ። ትምህርቷን ስትጨርስ ዕቃውንም እሷንም ታስረክቡኛላችሁ።”

ሁለቱ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። እሺ አልኩ። ሼህ ይማም ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ፍራንክፈርት ጉምሩክ ላይ ሻንጣዬ ተፈታ። መኮንኑ ጥቅሉን አንስቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ላፕቶፕ አልኩት። ጨርቁስ? የአባቴ ነው አልኩ። አባትሽ አብሮሽ አለ? የለም፣ የመጣው ሽርጡ ነው አልኩት። ፈትቶ አየና መልሶ ጠቀለለው፤ ስላላማረ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንደገና አስተካከልኩት። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዓታቸውን ያያሉ።

ላይፕዚግ ያከራዩኝ ሴት ፍራው ክሌም ይባላሉ። በየጠዋቱ፣ በዚያ ብርድ፣ በሬን አንኳኩተው መስኮት ያስከፍቱኛል፤ “ሽቶስሉፍተን” ይሉታል፣ ክፍል ማናፈስ ነው። የደሴ ብርድ ቢያንስ ውጭ ይጠብቅሃል፤ የእሳቸው ቤት ብርድ ተጋብዞ ይገባል። ዳቦው ጥቁርና ድርቅ ያለ ነው፤ ከዳቦው ይልቅ የከበደኝ ግን ማንም ሰው ሲበላ ቀና ብሎ እንብላ አለማለቱ ነበር። አንድ ቀን ግድግዳውን አሽትተው፣ “በርበሬሽም እዚህ ይኖራል፤ ኪራይ የምትከፍዪው ግን አንቺ ብቻ ነሽ” አሉኝ።

ትምህርቴን ጨረስኩ። አንድ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ሰጠኝ፤ ለአጭር ጊዜ ነበር፣ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ። ማንም አላባረረኝም፣ ማንም አልያዘኝም፤ ሥራውን ወደድኩት። ሲራዘም የመኖሪያ ፈቃዱም ይራዘማል፤ “ፌርሌንገሩንግ” ነው ቃሉ። የፈቃድ ቢሮዋ ሠራተኛ ዋስ እንዳለኝ ጠየቀችኝ።

“ሁለት አሉኝ” አልኩ።

“ጀርመን ውስጥ?”

“ኮምቦልቻ።”

“ምንሽን ነው የሚዋሱት?”

“መመለሴን።”

ብዕሯን አስቀመጠች። “እኛ የምንፈልገው መቆየትሽን የሚዋስ ነው” አለችኝ።

አባቴ ስንደዋወል መቼ ትመጫለሽ ብሎኝ አያውቅም። የሚጠይቀኝ ስለ ላፕቶፑ ነው፤ ደህና ነው ወይ፣ ይሠራል ወይ ይላል። ባትሪው እንዳረጀ፣ አሁን ሳይሰካ እንደማይሠራ ነገርኩት። “እንግዲህ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው” አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የአባቴ፣ ድምፁ የሼህ ይማም ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

“ቆሜያለሁ” አሉኝ። “ታደሰም ቆሟል። ሰይድ ነው የላከን።”

ሳቅኩ። እነሱ አልሳቁም።

“ይቀመጡ እንጂ ሼህ።”

“ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።”

ዱላቸው ሲሚንቶውን ሲነካ ይሰማኛል። ከበስተኋላ የአባቴን ሳል አወቅኩት። የሥራ ውሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ ላፕቶፑ አጠገቡ ተሰክቷል። ከቤታችን የተማርኩትን መልስ ሰጠሁ።

“ዘመድ ላማክር” አልኳቸው። “የሚመጣው ቅዳሜ።”

ሼህ ይማም፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እዚያ ማን ዘመድ አለሽ፣ ዘሀራ?” አሉኝ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሽርጡን ከቁም ሳጥን አውጥቼ አልጋዬ ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ ላፕቶፑ ግን ገና እንደተሰካ ነው፣ ይህንንም የጻፍኩት በእሱ ነው።