አቀበት መሃል የሚጠፋው ሞተር

ሰፈሩ በሙሉ «አዳማጩ» ይለዋል። ሌሎች መካኒኮች ሞተር ሳይክል ሲመጣላቸው መፍቻ ያነሳሉ፤ እሱ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ ዝም ብሎ ይሰማል። «የጭስ ማውጫው ቫልቭ ላልቷል» ካለ፣ ተፈትቶ ሲታይ ልክ እንዳለው ነው። ከመንገዱ ማዶ የሚሠሩት መካኒኮች፣ «ይሄ ሰውዬ ሞተር ነው ወይስ ሬዲዮ የሚያዳምጠው?» እያሉ ይስቁበታል። ሲቸግራቸው ግን እየገፉ የሚመጡት እሱው ዘንድ ነው።

ሰፈሩ ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። የአዳማጩ ዓይን ከከዳው ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ የጠፋበት ዳር ዳሩ ነው፤ ቀጥሎ መሃሉ ራሱ እንፋሎት እንደያዘው መስታወት ደበዘዘ። ሐኪሙ፣ «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆይ» ብሎታል። ጠብታውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር ደበቀው። ለሚስቱም አልተነፈሰም። ማታ ማታ ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ዳር ሲፈስበት፣ እሷ ዝም ብላ በጨርቅ ትጠርጋለች፤ ምን እንደምታስብ አያውቅም።

እጁ ግን ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ነው። ብሎን በአውራ ጣቱ ይለካል። መፍቻዎቹን በየሚስማራቸው በተራ ሰቅሏቸዋል። የዘይቱን ቅጥነት በሁለት ጣቱ አሽቶ ይለየዋል። ጠዋት ሲከፍት፣ «ጌታዬ፣ የዛሬን ብቻ አውጣኝ» ይላል፤ ሲዘጋ፣ «ተመስገን» ይላል። በዚህ ዓይነት ወራቱን ገፋቸው።

አንዲት ልጅ አለችው። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ጠዋት ጠዋት የሕሙማንን የደም ናሙና በበረዶ ሳጥን አድርጋ ከሞተሯ ኋላ ታስርና፣ አቀበቱን ወጥታ ላቦራቶሪ ታደርሳለች። አቀበቱ ጠባብ ነው። በአንድ ወገን ግንብ፣ በሌላው ገደል። ከታች ካለው የድንጋይ ማውጫ ካባ ጭነው የሚወጡ መኪኖች እያጓሩ ከኋላ ይከተላሉ።

ሞተሯ መጥፋት የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ ሜዳ ላይ ሳይሆን እዚያው አቀበቱ መሃል፣ ጠምዛዛው ላይ። ትንሽ ካረፈ መልሶ ይነሳል። አዳማጩ ካንዴላውን ቀየረ፤ ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ፈትቶ አጠበ። ለሦስት ቀን ደህና የሆነ መሰለ።

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ልጁ ሞተሯን እየገፋች መጣች።

«አባባ፣ ዛሬስ ለትንሽ ነው የተረፍኩት» አለች። ድምጿ ደርቋል። «ጠምዛዛው ላይ ጠፋብኝ። ፍሬን ይዤም ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ። የመኪናው ጎማ እዚህ ድረስ ነው የመጣው።»

«እዚህ» ስትል በእጇ ያሳየችውን አላየም። ስንት ያህል እንደሆነ እንዳይጠይቃትም ፈራ።

«ሳጥኑስ?» አለ።

«ሳጥኑ ደህና ነው። እኔንም ብትጠይቀኝ ደህና ነኝ።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ፣ «አስነሺው እስቲ» አላት። ሞተሩ ተነሳ፤ እንደ ጤነኛ ሰው ትንፋሽ አንድ ዓይነት ሆኖ ይመታል። «ጨምሪለት» አላት። ድምፁ ከፍ ብሎ ትንሽ ቆየና፣ ጫፉ ላይ ደርቆ ተርገበገበ። ነገሩ ገባው። ነዳጅ እየጠማው ነው። ቆሞ ሲሠራ የሚደርሰው ይበቃዋል፤ አቀበት ሲወጣ ግን ያንሰዋል። ነዳጁ የሆነ ቦታ ታንቋል ማለት ነው። ታንቆ ሊሆን የሚችለው ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያው፣ መካኒኮች ፊልትሮ የሚሉት፣ ላይ ነው።

ከጎኑ መለዋወጫ የምትሸጠው ሴት «ፊልትሮው ይሆናል» ብሎ ሲያጉተመትም ሰምታ ብቅ አለች። ለሳቅም ለነገርም ምላሷ ፈጣን ነው።

«ፊልትሮውን ቀይርላት እንጂ ጋሼ፤ ምን ታመነታለህ?» አለችና ጎንበስ ብላ አየችው። «ኧረ ይሄማ ንጹሕ ነው። በላስቲኩ ውስጥ ቤንዚኑ ጥርት ብሎ ይታያል። ዕቃዬ ባይሸጥ ደስ የሚለኝ ሴት አይደለሁም፤ ግን ይሄን መቀየር ጤነኛ ጥርስ መንቀል ነው።»

«ገና ወሩ ነው እኮ» አለች ልጅቱ። «ራሱ አባባ ነው የገጠመው።»

«እኔ ነኝ የገጠምኩት» አለ አዳማጩ። የገጠመውን ነገር ሰው ፈትቶበት አያውቅም።

«ማዶ ወስጄ ላሳያቸው?» አለች ልጁ፣ እንዳይከፋው ቀስ ብላ። «ኤሌክትሪክ ይሆናል። ናሙናው ደግሞ ከአምስት ሰዓት በፊት መድረስ አለበት።»

«በረዶውን ቀይሪና ተመለሽ። እስከዚያ ልየው።»

«ልየው» ያለው ቃል ራሱን አሳፈረው። ሁለቱ ሴቶች ከመለዋወጫ ሻጯ ሱቅ ማቀዝቀዣ በረዶ ሊያወጡ ገቡ።

ብቻውን ሲቀር ተንበረከከ። ጣቶቹ ከነዳጅ ታንኩ የሚወርደውን የጎማ ቱቦ ተከትለው ማጣሪያው ላይ ደረሱ። ማሰሪያዎቹ ጠብቀዋል። ቱቦው አልተሰነጠቀም። ከዚያ በጥፍሩ ላስቲኩን ሲዳስስ፣ ዕቃውን የሠሩት ሰዎች ያተሟትን ትንሽ ቀስት አገኛት። ቀስቷ ነዳጁ የሚሄድበትን ታሳያለች፤ ወደ ካርቡሬተሩ መሆን ነበረባት።

ወደ ታንኩ ነች።

እንደገና ዳሰሳት። ለሦስተኛ ጊዜ ዳሰሳት።

ገልብጦ ነው የገጠመው። ከታንኩ የሚመጣው ዝገት ከማጣሪያው ወረቀት ውጭ ቀርቶ ለዓይን መታየት ሲገባው፣ ከወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ተጠቅጥቋል። ስለዚህ ነው ላዩን ያየ ሁሉ «ንጹሕ ነው» የሚለው። ከወር በፊት፣ ደመናማ ቀን ነበር፤ ብርሃኑ ደከመበትና በልማድ ገጠመው። ያኔ በጥፍሩ መዳሰስ እንኳ ትዝ አላለውም። ልጁን መኪና ጎማ ሥር ያደረሳት እጅ ይሄው ነው፤ ዘይት የጠጣ፣ የሚታመን፣ የገዛ እጁ።

አዲስ ማጣሪያ መደርደሪያው ላይ በቆርቆሮ ውስጥ አለ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በጥፍሩ ዳስሶ በትክክል ሊገጥመው ይችላል። ልጁ ስትመለስ፣ «አገኘሁት» ቢላት፣ «አይ አባባ» ብላ ግንባሩን ስማው ትሄዳለች። ማንም አያውቅም። ይሄንን ሲያስብ ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም ራሱን ጠላ።

የዳቦ አመላላሹ ፍሬንስ? ሰኞ ነው የሠራለት። የአስተማሪዋ የኋላ ጎማስ? ብሎኖቹን በእጁ አጥብቋቸዋል፤ ግን ዓይኑን ምን አምልጦት ይሆን? እዚያ በጥፍር የምትገኝ ቀስት የለችም። ቢናገር ደግሞ ከነገ ጀምሮ ምንድን ነው? መፍቻ የማይነካ መካኒክ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገደኛ በኮቴው የሚለይ ሽማግሌ። ሌላ ሙያ አያውቅም። ቤቱ የሚተዳደረው በዚህችው ሱቅ ነው።

ግንባሩን ታንኩ ላይ አስደገፈ። «ጌታዬ» አለ በሹክሹክታ፣ «ዓይኔን ስትወስድ አላጉረመረምኩም። እጄንም ልትወስደው ነው?» ከማዶ መዶሻ ይጮኻል። ታንኩ ገና እንደ ሞቀ ነው፤ ልጁ ሞተሩን አስነስታ ያጠፋችው አሁን ነውና።

«ነይ እስቲ» ብሎ ተጣራ። «ነይ እዪልኝ።»

«ምኑን?» አለች ሳጥኑን ይዛ ስትወጣ።

«ቀስቷን። ወዴት ነች?»

ጎንበስ አለች። «ወደ ታንኩ። እንዴ… የትኛው ጅል ነው እንዲህ…» አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

«እኔ ነኝ። አላየኋትም፣ ልጄ። ዓይኔ አያይም። ዓመት አልፎታል።»

ከዝምታዋ ውስጥ ምን እንደሚመጣ በጆሮው ፈለገ፤ ሊለየው ያልቻለው የመጀመሪያው ድምፅ ይሄ ነበር።

«በየቀኑ በዚህ ሞተር አቀበት ስወጣ፣ አንተ ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

አላቀፈችውም፤ አልጮኸችበትም። ሳጥኑን መሬት አስቀመጠችና፣ «ፒንሳው የት ነው?» አለች።

«ከግራ ሦስተኛው ሚስማር ላይ። መጀመሪያ የነዳጁን መዝጊያ ዝጊ።»

ማሰሪያዎቹን አላቀቀች፤ አሮጌውን አወጣች፤ አዲሱን አስገባች። «ቀስቷ ወደ ካርቡሬተሩ» ሲላት፣ «አይቻለሁ» አለች፤ ቃሉ እንደ መርፌ ወጋው። ከዚያ አሮጌውን ማጣሪያ በመዳፉ ላይ ገልብጣ አራገፈችለት። ጭቃ የመሰለ እርጥብ ዝገት ዝርግፍ አለ። በሁለት ጣቱ አሸው። አንድ ወር ሙሉ ማንም ያላየው ይሄ ነው።

የመለዋወጫ ሻጯ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «እኔስ ባለ ሁለት ዓይን ሆኜ ምን አየሁ?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ልጅቱ ሳጥኑን እያሰረች፣ «ከዚያ ወዲህ የማን የማንን ሞተር ነክተሃል?» አለችው።

ነገራት። እያንዳንዱን በሞተሩ ድምፅ ያስታውሰዋል።

«ለዳቦ አመላላሹ አሁኑኑ እደውላለሁ፤ እንዳይነዳ። የሌሎቹን ስመለስ አብረን እየዞርን እናያለን። እስከዚያ ምንም አትንካ።»

«አልነካም።»

«ለእማዬ ደግሞ አንተው ትነግራታለህ። እኔን አታስገባኝ።»

ስልኩን ደውላ ስታበቃ ተነሳች። አዳማጩ በሩን ተደግፎ ቆመ። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ ከድልድዩ በኋላ ሦስተኛ። አቀበቱ ሲጀምር ወደ ሁለተኛ መለሰችው። ድምፁ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጠምዛዛው ሊደርስ ሲል ከካባው የመጣ መኪና በሱቁ ፊት እያጓራ አለፈና የልጁን ሞተር ዋጠበት። ምንም አይሰማም። ትንፋሹን ያዘ፤ ጣቶቹ የበሩን እንጨት ጨመቁት። መኪናው ራቅ ሲል፣ ከጠምዛዛው በላይ፣ ከላይ በኩል፣ ቀጭን ግን ያልተቆረጠች ድምፅ ሰማ። አናቱ ላይ ደርሳ ማርሽ ስትቀይር እንኳ ለየው።

«ተመስገን» አለ።

ግድግዳውን ዳስሶ ገባ። ነገ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለውን የዓይን ጠብታ አወጣና፣ ጨርቁን ፈትቶ፣ የገባ ሁሉ በሚያየው ቦታ ጠረጴዛው ላይ አቆመው።